«ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት»

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በተኛበት ክፍል ከዚህች ንግግር በላይ የሚያስፈራኝ የለም። ከፍቅር ነው የምትመጣው። ከሞተር ሳይክል ወድቆ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረው ልጅ ንጋት ላይ ጸጥ ሲል እናቱ «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደው» ትላለች። ነርሷ ደግሞ በየሰዓቱ ስሙን እየጠራች ትቀሰቅሰዋለች፤ ካልመለሰላትም ትከሻውን ትቆነጥጠዋለች። ጨካኝ ተብላ የምትታማው ይሄኔ ነው።

ጸጥታው ግን እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። የአዋቂ ሰው የራስ ቅል አይለጠጥም። ውስጡ አንጎል፣ ደምና 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ አለ። ደም ሲቋጥር ወይም አንጎል ሲያብጥ መጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ይሸሻል፣ ደምም በመላሽ ሥሮች ከራስ ቅሉ ይወጣል፤ በሽተኛውም ደህና ይመስላል። ቦታው ካለቀ በኋላ ግን ጥቂት ጠብታ እንኳ ግፊቱን ሽቅብ ይሰደዋል። በአዋቂ ላይ ጤነኛው እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ከ22 ሲያልፍ ይታከማል። በቀጥታ የሚለካው መሣሪያ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ስለሌለ ያለን ዓይናችንና እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የግላስጎው የንቃት መለኪያ ነው። እሱም ቢሆን ከቀድሞው ጋር ካልተነጻጸረ ዋጋ የለውም፤ 13 ነጥብ ራሱ አያስደነግጥም፣ ከአንድ ሰዓት በፊት 15 ከነበረ ግን ሐኪም ይጠራል።

ትምህርት ቤት ቀድመን የምንሸመድደው የኩሺንግን ሦስት ምልክቶች ነው፦ ደም ግፊት ሲጨምር፣ የልብ ምት ሲዘገይ፣ አተነፋፈስ ሲዛባ። ለፈተና ጥሩ ናቸው፤ አልጋው ዘንድ ግን እነሱ ሲታዩ መሽቷል። ቀድመው የሚመጡት ቀለል ያሉት ናቸው፦ መነጫነጭ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሲባል መዘግየት። አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ደቂቃም አይጠበቅም።

እንክብካቤው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ማንሻው ከተሰበረ ትራስ መደራረብ አንገት ያጥፋል እንጂ አይጠቅምም። የአከርካሪ ጉዳት ከተጠረጠረ አልጋው እንዳለ ይዘነበላል። ደም ከጭንቅላት የሚመለሰው በአንገት ነውና አንገት ቀጥ ይላል፣ ኮሌታ ይላላል፣ የቱቦ ማሰሪያ አይጠብቅም። አክታ ሲሳብ ከ10 ሰከንድ አይበልጥም። ትኩሳት፣ ሕመምና የሆድ ድርቀት ሁሉም ግፊት ይጨምራሉ። ደም ግፊቱም እንዳይወርድ፦ አማካዩ 90፣ የራስ ቅሉ 25 ከሆነ ለአንጎል ደም ለማድረስ የሚቀረው 65 ነው።

«ግሉኮስ ይሰካለት» የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም። 5 በመቶው ግሉኮስ ስኳሩን ሰውነት ከተጠቀመበት በኋላ የሚቀረው ውሃ ነው፤ ያበጠውን አንጎል ይብስ ያሳብጠዋል። ኖርማል ሳላይን ይሻላል። እብጠቱን ለመቀነስ ማኒቶል ሲታዘዝ ከረጢቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩ፣ በብርድ ክሪስታል ይሠራል። ሽንትም ይለካ፤ መድኃኒቱ ብዙ ውሃ ያስወጣል።

አስታማሚዋን ከክፍሉ ማባረር የለመድን ብንሆንም እኔ አልስማማም። ልጇ ወትሮ እንዴት እንደሚናገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በማንኪያ ውሃ እንዳትሰጠው፣ ራሱን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ እንዳታስር፣ ንግግሩ ሲቀየርባት እንድትጠራን አስረድተናት ትቀመጥ። ተረኛ ሲቀየርም ወረቀት ተቀባብሎ መሄድ ይቅር፤ የአንዷ 13 ለሌላዋ 11 ሊሆን ስለሚችል ወጪዋና ገቢዋ ነርስ አልጋው አጠገብ አብረው ይለኩት።