ታናሽ ወንድሜ የቀረበት ገና

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የገና ግርግር ስላለፈ አሁን ረጋ ብለን ማውራት እንችላለን። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቤተሰቤ ነው። እናቴንም ታናሽ ወንድሜንም አስፈቅጃለሁ። ወንድሜ "ጻፈው ጋሼ፣ ብቻ ስሜን እንዳታነሳ" ብሎኛል። ስለዚህ የማንንም ስም አላነሳም።

የእናቴ ቤት ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው። አምስት ልጆች ያደግነው እዚያች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስንወጣ የወርቅ ቤቶቹ መስታወት ላይ አፍንጫችንን ለጥፈን እናይ ነበር። አይተን እንመለሳለን፣ በቃ። ለገና የምንጠብቀው ዶሮ ወጥ ነው፣ ድፎ ዳቦ ነው፣ ከተገኘ ደግሞ አዲስ ልብስ። ልብስ ካልተገኘ ያለው ታጥቦ ይለበሳል። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሪባን ታስሮ የሚሰጥ ነገር አናውቅም ነበር።

ስጦታ አናውቅም ማለቴ ግን አይደለም። ለእንቁጣጣሽ ወንዶቹ በከለር አበባና መልአክ ሥለን በየቤቱ እናዞራለን፤ ሴቶቹ አበባ ይዘው ይዘፍናሉ። ሰጪው ልጅ ነው፣ ስጦታው ወረቀት ነው፣ ተቀባዩ ደግሞ ሳንቲም አውጥቶ ይመርቃል። ለቡሄ ሙልሙል አለ። የክርስትና አባት ካለህ በዓል ሲመጣ አንድ ነገር አይቀርብህም። ይህ ሁሉ ማንንም የሚያሳፍር አልነበረም።

ታዲያ የኛ ቤት ነገር መቼ ተለወጠ? ከስምንት ዓመት በፊት አሜሪካ የምትኖረው እህታችን ለገና መጣች። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ሁለቱም ለኛ። የላስቲክ የገና ዛፍ ተገዛ፤ ስጦታው በየስሙ ተጠቅልሎ ከሥሩ ተደረደረ። አቤት ደስታችን! እናቴ እንኳ ዕልል ብላለች። በዓመቱ "እሷ ብቻ እየሰጠች እኛ ዝም እንላለን እንዴ?" ተባለና እያንዳንዳችን ለእያንዳንዳችን መግዛት ጀመርን።

የሒሳብ መምህር ነኝና ትንሽ ታገሱኝ። እናቴ፣ አምስት ልጆች፣ አራት የትዳር ጓደኞች፤ አሥር አዋቂ ነን። አሥሩ ለዘጠኙ ቢሰጥ 90 ስጦታ ነው። ዘጠኙን የልጅ ልጆች ገና አልቆጠርኩም። አንድ ዓመት የዕቁብ ዕጣዬን ለምኜ ቀድሜ የወሰድኩት ለዚህ ነው። ባለቤቴ "ልጅ እየዳርክ ነው ወይስ ገና እያከበርክ?" ብላኛለች። ሳቅኩና አለፍኩት።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ስጦታው ሲከፈት ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ከዛፉ ሥር አንስቼ "ከእገሌ፣ ለእገሌ" እያልኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ተቀባዩ ይከፍታል፣ ይጨበጨባል፣ አንዱ በስልክ ይቀርጻል። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ይቺን ድምፄን ታውቋታላችሁ። ክፍል ውስጥ ውጤት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የማነብባት ድምፅ ናት።

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ፒያሳ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይሠራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሠፈሮቹ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ የእሱም ክፍል አብሮ ፈረሰ። የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ወደሚኖርበት የኪራይ ቤት ገባ። ደንበኞቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ ሱሪ ለማሳጠር ብሎ ከከተማ ዳር ማን ይመጣል? በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእህቴ መቶ ዶላር በብር ሲመነዘር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ የወንድሜ ብር ደግሞ የሚገዛው ነገር አነሰ። ከአንድ እናት የወጡ ሁለት ልጆች አንድ ዛፍ ሥር እኩል ስጦታ እንዲያስቀምጡ እየጠበቅን ነበር ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በጊዜው አልሠራሁትም።

የ2017 ገና ዕለት ጠዋት ወንድሜ ደወለ። "ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ልጆቹም እንዳይዛቸው ዛሬ ይቅርብን" አለኝ። እግዜር ይማርህ ብዬ ዘጋሁ። ስጦታው ተከፈተ፣ ስም ጠራሁ፣ ተጨበጨበ። እናቴ ግን አላጨበጨበችም። ከዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ውስጥ የሱን ድርሻ ለይታ በሳህን ከድና አስቀምጣ ነበር። ማታ ላይ "አንተ ውሰድለት" አለችኝ።

በሩን የከፈተችልኝ ትልቋ ልጁ ናት። ሁለቱም ልጆች የአገር ልብሳቸውን እንደለበሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው የዋሉት። "ታዲያ ለምን ቀራችሁ?" አልኳት፣ የአባቷን ጉንፋን ረስቼ። "ስጦታ ስለሌለን ነዋ" አለችኝ። በቃ፣ እንዲሁ፣ ዝናብ ስለሆነ ነው እንደሚባለው። ወንድሜ ጉንፋን አልነበረበትም። ቀና ብሎም አላየኝም። "ጋሼ፣ ምን ልትደክም መጣህ" አለና ሳህኑን ተቀበለኝ።

ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። በልጅነታችን እጁን ይዤ ያንን ድልድይ ያሻገርኩት ልጅ ነው። ስሙን ጮክ ብዬ እንዳልጠራው ፈርቶ ነው የቀረው። የፈራው እኔን ነው።

ለእናቴ ስነግራት አልተገረመችም። ቁምሳጥኗን ከፍታ አሳየችኝ። ከነወረቀቱ የተቀመጠ ሰባት ሻርፕ፣ ተቀብታው የማታውቀው አራት ሽቶ፣ ሦስት የደም ግፊት መለኪያ። "ሁሉም የናንተው ነው፣ ስሞት ትካፈሉታላችሁ። እኔ የምቆጥረው ሰው ነው፤ ዛሬ ቁጥሩ ጎደለብኝ" አለች።

ከጥምቀት በኋላ ቤተሰቡን ሰበሰብኩ። ቀላል አልነበረም። በስልክ ያለችው እህቴ አለቀሰች። "እኔ እኮ የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ዓመቱን ሙሉ ቅናሽ በወጣ ቁጥር ለእናንተ እየገዛሁ አስቀምጣለሁ። ሻንጣ ስሞላ ነው ቤተሰብ እንዳለኝ የሚሰማኝ። እሱን ከወሰዳችሁብኝ በምን ልምጣ?" አለች። እውነቷን ነው፤ መልስ አጣሁ። እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝና "ባዶ እጅሽን ነይ። ስትወለጂም ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው፣ ማን መለሰሽ?" አለቻት።

አንዱ አማቻችን ደግሞ "ሰብአ ሰገልም እኮ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ነው የመጡት" አለ። ልክ ነው፣ ይዘው መጥተዋል። ግን ቀድመው የተጠሩት እረኞቹ ናቸው፤ የሉቃስን ወንጌል ብታነቡ እረኞቹ ይህን ይዘው መጡ የሚል አታገኙም። ሰምተው ሮጡ፣ አዩ፣ እያመሰገኑ ተመለሱ። በኛ አገር ገና ሲደርስ በዱላና በእሩር የሚጫወቱትም የእረኞቹን ደስታ እያሰቡ ነው ይባላል፣ የሰብአ ሰገልን ሀብት እያሰቡ አይደለም። በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታው እንኳ አይቆጣም የሚል አባባል አለን። ትልቅና ትንሹ በዱላ የሚጋፋበትን ቀን እኛ ማን ምን እንዳለው የሚታይበት ቀን አደረግነው።

የተስማማንበት ይህ ነው።

አንደኛ፣ አዋቂ ለአዋቂ የሚሰጠው ስጦታ ቀረ። 90ው ስጦታ ዜሮ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ለልጆች ዕጣ ይወጣል። አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ አንድ ነገር ብቻ ያገኛል፣ ከ500 ብር የማይበልጥ። በእጅ የተሠራ ነገርም ይቆጠራል። ከማን እንደመጣ አይነበብም።

ሦስተኛ፣ ለበዓሉ ወጪ የእናቴ ሙዳይ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሲመጣ የቻለውን ከትቶ ይከድናል። ስም አይጻፍም፣ አይመዘገብም፣ "ቢያንስ ይህን ያህል" አይባልም። ባለው ይገዛል።

አራተኛ፣ እህቴ ሻንጣ መሙላቷን ትታ የእናቴን መድኃኒትና መነጽር ትይዛለች። ከተረፋት የሌሊት ፈረቃውን ትቀንስና ትተኛለች። ይቺን አራተኛዋን የጨመረችው እናቴ ናት።

የዘንድሮው ገና እንዴት ሆነ? ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። በጉ ከቀደሙት ዓመታት አነስ ያለ ነበር። እህቴ ለእናቴ አንድ ሹራብ ደብቃ ልካለች፤ አይተን እንዳላየን ሆንን። የኔዋ ትንሿ ልጅ ዛፉ ባዶ መሆኑን አይታ "አባ፣ ዘንድሮ ድሃ ሆንን እንዴ?" ብላ ሰው መሀል ጠየቀችኝ። ደንግጬ ወንድሜን አየሁት። ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው።

አዎ፣ መጥቷል። ከሁሉ ቀድሞ ነው የመጣው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ የሰፋትን ኳስ ይዞ፣ ከልጆቹ ጋር። ደንብ ጣስክ ብለን ልንቀጣው ነበር። ከምሳ በኋላ ልጆቹን ውጭ አውጥቶ ገና እንዴት እንደሚመታ አሳያቸው። የመጥረጊያ እንጨትም የተገኘ ዱላም አገልግሏል። እኔም ገባሁ፣ ቁርጭምጭሚቴን ተመታሁ፣ እስካሁን ያመኛል። በገና ጨዋታ ስለሆነ አልተቆጣሁም።

ማታ እናቴ ሳህኖቹን ስትሰበስብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየቆጠረች ነበር። እህታችን በስልክ ስለነበረች እሷንም ቆጠረቻት። ሞላላት።

እንደኛ ለማድረግ ካሰባችሁ ከልምዴ ጥቂት ልበላችሁ። በበዓሉ ዋዜማ አታንሱት፤ ያን ጊዜ ሁሉም ገዝቷል፣ ይከፋዋል። ከወራት በፊት ተነጋገሩ። መጀመሪያ ማነጋገር ያለባችሁ የሌለውን ሳይሆን ያለውን ነው። "እሱ ስለማይችል ነው" ብላችሁ ከጀመራችሁ ሌላ ስም ጠራችሁበት ማለት ነው። ሩቅ ያለውንም አትርሱ፤ ለሱ ዕቃው ዕቃ ብቻ አይደለም። እሱን ስታስተዉት መምጫ ሌላ መንገድ ስጡት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በዚያች ማታ ድልድዩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ወንድሜን ብቻ አልነበረም። ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ውጤት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩ? መጨረሻ የምትጠሩት ልጆች የሚነበብ ቀን "አሞኝ ነበር" ብላችሁ ትቀሩ ነበር። እኔም አመናችሁ ነበር። አሁን ውጤት በየወረቀቱ አጥፌ በእጅ ነው የምሰጠው። ለእናንተ ግን ዘግይቷል። ይህን የምታነቡ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በሉ፣ እናንተ ቤት እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። ፋሲካ ሳይደርስ እንማማር። ለከርሞም ቁጥራችን ሳይጎድል ያድርሰን።