«ካሳ ተከፍሏል» መልስ አይደለም

ስለ ማዕድን ፕሮጀክቶች ልዘግብ ሄጄ «የተነሱት ሰዎች እንዴት ሆኑ?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ካሳ ተከፍሏል»። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላል። ለእኔ ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። ብሩ ካለቀ በኋላ ሰውየው ምን በልቶ ያድራል?

ሞዛምቢክን እንይ። ቫሌ የተባለው የብራዚል ኩባንያ ሞአቲዜ ላይ የድንጋይ ከሰል ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ከ1,300 በላይ ቤተሰቦችን አስነሳ። ብዙዎቹ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ካቴሜ የሚባል አዲስ መንደር ገቡ። ቤት ተሠርቶላቸዋል፤ ትምህርት ቤትም ነበራቸው። የጎደለው እንጀራው ነበር። የተሰጣቸው መሬት ለእርሻ የማይመች፣ ውሃ የሚያጥረው ሆነ። የቀን ሥራ ከሚያገኙበት፣ ማገዶ ከሚሸጡበት ገበያም ራቁ። በጃንዋሪ 2012 ነዋሪዎቹ ወጥተው ከሰሉ የሚጫንበትን የባቡር ሐዲድ ዘጉ።

የእኛ ሕግ ሲነበብ መጥፎ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ፣ በቂ እርዳታ ያለው መልሶ ማስፈርን ጨምሮ፣ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 የ5 ዓመቱ አማካይ በ10 ነበር የሚባዛው። መሻሻሉ ግልጽ ነው።

ችግሩ ስሌቱ የሚከተለው የይዞታ ደብተሩን መሆኑ ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ዛሬም የሚያርሰው በአባታችን ስም የተመዘገበውን መሬት ነው። ነገ ከዚያ ማሳ ሥር ወርቅ ተገኘ ቢባል ብሩ የሚወጣው በአባታችን ስም ነው። ወንድሜ አባቱን ደጅ ይጠናል ወይም ከተማ ገብቶ ሸክም ይፈልጋል። የእሱ መፈናቀል በየትኛውም ቅጽ ላይ አይሰፍርም።

በደብተር የማይገባ ሌላም አለ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሴቶች ከወንዝ ዳር አሸዋ ወርቅ አጥበው ለልጆቻቸው ደብተርና ልብስ ይገዛሉ። ያ ወንዝ በማንም ስም የለም። የወል ግጦሹም፣ ምንጩም እንዲሁ። በማንም ስም ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ ማን ይካሳል?

ኩርሙክ ላይም ሆነ ምዕራብ ወለጋ ቱሉ ካፒ ላይ ትልልቅ የወርቅ ፕሮጀክቶች ተይዘዋል። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል፤ ወርቁ አይውጣ የሚል ክርክር የለኝም። የምለው ሦስት ነገር ነው። ደብተሩ ብቻ ሳይሆን ሰው ይቆጠር፤ በአባቱ መሬት የሚኖር ጎልማሳም፣ ወርቅ የምታጥብ እናትም ይመዝገቡ። ምትክ መሬቱ የመጀመሪያውን ምርት ሳይሰጥ አሮጌው ማሳ አይቆፈር። ካሳው ከተከፈለ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ «እንዴት ናችሁ?» የሚል አካል በሕግ ይሰየም።

ይህ ሥራውን ያዘገየዋል የሚሉ አሉ። ያዘግይ። ወርቁ ስንት ዘመን መሬት ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁለት ክረምት ቢጨመርበት አይበሰብስም። ገበሬ ግን ሁለት ክረምት ሳያርስ ከዋለ ቤቱ ይፈታል።