ጎበዝ ተማሪን ለብቻ ማስቀመጥ ማስተማር አይደለም

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ነገር አለ፤ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግ። ከ30 ዓመት በኋላ ስለ ባለ ተሰጥኦዎቹ የምናውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነው። ደረጃ የወጡትን ሰብስቦ «ልዩ ክፍል» ማለት።

እኔም ከእንዲህ ዓይነት ክፍል ነው የወጣሁት። መጽሐፉ ያው፣ ማስታወሻው ያው፣ ፈተናው ያው ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ የሒሳብ ጥያቄውን ከሁላችን ቀድሞ ሲጨርስ ሽልማቱ ያንኑ የሚመስሉ ሌሎች አሥር ጥያቄዎች ነበሩ። ኋላ ላይ ብልጥ ሆነና ቀስ ብሎ መሥራት ጀመረ።

የሚገርመኝ ይህ የሆነው ጋይንት ውስጥ መሆኑ ነው። ከመላ አገሪቱ ተማሪ ለድጓ ማስመስከሪያ የሚመጣው እዚሁ ቤተልሔም ነው፤ ለዝማሬ መዋስዕትም ዙር አምባ። እዚያ «ክፍል» የሚባል ነገር የለም። ተማሪው በቃል የያዘውን ይዞ ከየኔታ ፊት ይቀርባል። ካወቀ ያልፋል፤ ካላወቀ ይመለሳል። አንዱ የጨረሰው ሌላው እስኪደርስ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ የዘገየውም «ወደቀ» ተብሎ አይባረርም።

ቅኔ ቤት ደግሞ ይብሳል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሲታገል፣ የበሰለው ስምንት ቤት መወድስ ይቆጥራል። ሁለቱም በአንድ መምህር ሥር ናቸው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ስለማይደገም ጎበዙ «ጨረስኩ» የሚልበት ቀን የለም። ከፍ ያለውም ታች ያለውን ያስቀጽላል፤ ሲያስቀጽል የራሱን ጉድለት ያገኛል። ተለይቶ የተቀመጠ ጎበዝ ይህን ዕድል አያገኝም።

ቆሎ ተማሪነትን ላሞካሽ አይደለም። ረሃቡን፣ ውሻውን፣ ሴቶች ልጆች ከዚያ ደጅ ርቀው መኖራቸውንም አውቃለሁ። የመንግሥት መምህር በየክፍሉ ስልሳ ልጅ ይዞ የእያንዳንዱን ቃል ይስማ ማለትም ቀልድ ነው። ሁለት ነገር ግን መውሰድ ይቻላል፤ ያወቀውን አለማስደገምና ማለቂያ የሌለው ጥያቄ መስጠት።

ለምሳሌ ፊዚክስ። የእኛ አገር ገደል ሞልቶታል። ተማሪዎቹን ገደል ፊት አቁሞ ማስጮህና በስልክ ሰዓት መያዝ ይቻላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ማሚቶው በሁለት ሰከንድ ከተመለሰ ገደሉ 340 ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ለሁሉም ነው። ቀድሞ ለጨረሰው ደግሞ፣ «ጠዋት በብርዱና ቀን በፀሐዩ ስትለካው ለምን ይለያያል? ስህተትህስ ምን ያህል ነው?» ብሎ መልቀቅ ነው። ወጪ የለውም።

አዳሪ ትምህርት ቤት ይሠራ የሚሉ አሉ። አልቃወምም። በንጉሡ ዘመን በዕደ ማርያም ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዞችን ስድስት ኪሎ ሰብስቦ 12ኛ ክፍልን ያስተምር ነበር፤ ዛሬም ደብረ ብርሃን ኃይሌ ማናስ አለ። ግን ስንቱን ይወስዳሉ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ቁጥር የሚለውጠው ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የቀረው ልጅ የሚማርበት ክፍል ነው።

«ልጆቻችን በጦርነት ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነው አንተ ስለ ጎበዝ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ልክ ነው። በክልላችን ያልተማሩት ልጆች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በአንድ አግዳሚ ወንበር የሚቀመጡት እነማን ናቸው? ፊደል የረሳው፣ ባለበት የቆመው፣ ለብቻው አንብቦ ሁለት ክፍል የዘለለው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠት ሦስቱንም ማጣት ነው። እንደየአቅሙ ማስተማር የሀብታም አገር ቅንጦት ይመስለን ነበር፤ አሁን ግድ ሆኖብናል።

ስማዳ ያለች የዘመዴ ልጅ ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ የወንድሟን የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ለብቻዋ ሠርታ ጨረሰች። ሲከፈት 8ኛ ክፍል ተመዘገበች። መምህሩ ምን ያህል እንደምታውቅ ጠይቋት እንደሆነ ደውዬ ጠየቅኋት። «አይ ጋሼ፣ ከምዕራፍ አንድ ነው የጀመርነው» አለችኝ።