ስለ ኩራዞቹ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ቆራሌው ጀመርክ እንዴ?» ያላችሁኝ ልጆች፣ በጣም ስቄያለሁ። አዎ፣ አሮጌ መብራት እሰበስባለሁ። እስካሁን 9 ኩራዝ፣ 3 ፋኖስና 2 ማሾ አለኝ። አንዱ ኩራዝ ከቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ሌላው ከመድኃኒት ጠርሙስ የተሠራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይነድባቸው የነበሩ መብራቶችን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ላምባ ከመርከሱ በፊት፣ እንደ ናንቱኬት ካሉ ወደቦች የሚነሱ መርከቦች ዓሣ ነባሪ ፍለጋ ዓመታት ባሕር ላይ ይቆዩ ነበር። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ የክሩ ቱቦ አጭር ነው፤ ወደ ውስጥም ገባ ይላል፣ ዘይቱን እንዲያሞቀው። የተርፐንታይንና የአልኮል ቅልቅል የሚነድበት መብራት ግን ቱቦው ረጅም ነው፣ እሳቱ ከፈሳሹ እንዲርቅ። ሰብሳቢዎቹ ቱቦውን አይተው ይለያሉ።

የኛ ኩራዝ ከዚያ የዘይት መብራት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ቱቦ፣ ክር፣ በቃ፤ መስታወት የለም። ችግሩ የሚነድበት ላምባ መሆኑ ነው። ላምባ ብዙ አየር ይፈልጋል። የማሾ መስታወት ለጌጥ አይደለም፤ ትኩስ አየር በውስጡ ሲወጣ ከታች አዲስ አየር ይስባል። ኩራዝ ይሄ ስለሌለው ያልተቃጠለው ካርቦን ጥቀርሻ ይሆናል። ጠዋት ስንናፈጥ ጥቁር ይወጣ የነበረው ለዚህ ነው (ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ)።

ይሄን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። በደንብ ሰማችኝና «ታዲያ ያቃጠለንን ነገር ለምን መደርደሪያዬ ላይ ትደረድርብኛለህ?» አለችኝ። የታናሽ እህቴ ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ ኩራዝ ተገልብጦባት የመጣ ነው። ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው። እኔም ሚኒስትሪ ያጠናሁት በዚያው ብርሃን ነው። ሁለቱም እውነት ነው። አሁን ሶላር የገባበት ቤት ሁሉ ኩራዙን እየጣለ ነው፤ ደግ አደረጉ። ግን አንድም ሳይቀር ከጠፋ፣ የዛሬ 20 ዓመት የማስተምረው ልጅ እናቱ በምን እንዳጠናች በዓይኑ አያይም።

ስለዚህ ከእናቴ ጋር ተስማምተን፣ ኩራዞቹ ከቤት ወጥተው ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተዋል። አሮጌ ያላችሁ አምጡልኝ። ጥቀርሻውን እንዳታጥቡት። ማን ቤት እንደነበረ፣ ማን እንዳጠናበት በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ እሰሩበት። ላምባውን ግን ድፉት፤ እንደሞላ አውቶቡስ ላይ ይዛችሁ እንዳትወጡ!