ወደ ኋላ የሚፈሰው ወንዝ

ልጆቻችንን ልንጠይቅ ሲያትል የምንሄድ አያቶች፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ስንመላለስ በከተማዋ ደቡብ የሚያልፈውን የዱዋሚሽ ወንዝ ልብ አንለውም። እኔ ያወቅሁት በጥቅምት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ከ11 ዓመት የልጅ ልጄ ጋር ትራውት ልናጠምድ ወርደን ነው።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላ የወንዙ ውኃ ሽቅብ ይመለሳል፤ ሲጎድል ጭቃው ይገለጣል። ትራውቱ በዚህ ወቅት የሳልሞን እንቁላል ፍለጋ ከባሕር ወደ ወንዝ ይገባል። መንጋጋው ሥር ባሉት ቀያይ መስመሮች ይለያል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጁ አንዲት ስንዝር ተኩል የምትሆን ያዘ። እጃችንን አርጥበን፣ መንጠቆውን ነቅለን ለቀቅናት።

«እማማ፣ ለምን አንጠብሳትም?» አለኝ።

የወንዙ የመጨረሻ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በፋብሪካ ዝቃጭ ተበክሎ፣ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት የጽዳት መዝገብ ላይ ይገኛል። ፒሲቢ የተባለው ኬሚካል በዓሣ ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ቢጠበስም ቢቀቀልም አይጠፋም። ከእናት ወደ ጽንስ፣ በጡትም ወደ ሕፃን ያልፋል፤ የአእምሮ ዕድገትን ይጎዳል። ስለዚህ የጤና ባለሥልጣናት እዚያው የሚኖሩትን ዓሦችና ሸርጣን አትብሉ ይላሉ። አብዛኛውን ዕድሜውን በውቅያኖስ የሚያሳልፈው ሳልሞን ይሻላል።

ያኔ ምራቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። በዓሣ የመጣ እንግዳ ይመሰገናል፤ ግን «ከየትኛው ውኃ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ማጥመዱ ለጨዋታ፣ ማዕዱ ከታወቀ ውኃ ይሁን።