ስልኩ ሲያገኝ ላፕቶፑ ለምን ያጣል?

በመኝታ ቤታችን «ዋይፋዩ እንቢ አለኝ» የሚል ድምፅ ሳይሰማ የሚመሽ ቀን የለም። ይህን ያለ ተማሪ የሚያደርገው ኹሉ አንድ ነው፤ መሣሪያውን ያጠፋል፥ ያበራል፥ እንደገና ያጠፋል፥ በመጨረሻም ታቅፎት ወደ ጥገና ሱቅ ይሮጣል። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች እንደ መኾናችን ስለዚህ ነገር አፋችንን ሞልተን እንድንናገር የሚያበቃን ትምህርት የለንም። ኾኖም አንድ ላፕቶፕ ስድስት ሰው በሚያገለግልበት ክፍል የሚኖር ሰው ወዶም ኾነ ተገዶ የማሽን ወጌሻ መኾኑ አይቀርም።

ወጌሻም ከማሸቱ አስቀድሞ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎረቤትህስ?» የሚል ነው። የጎረቤት ስልክ እዚያው ቦታ ላይ በዚያው ዋይፋይ የሚሠራ ከኾነ ሕመሙ ያለው ከላፕቶፑ ዘንድ ነው፤ ጎረቤትም ካጣ ግን ላፕቶፑን ማጥፋትና ማብራት ትርፉ ድካም ነው። በ2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲዘጋ የማንም ላፕቶፕ አልታመመም ነበር።

ቀላሉን ነገር ቶሎ እንለፈው። ከፊደል ገበታው በላይ ካሉት ቁልፎች አንዱ የአውሮፕላን ወይም የአንቴና ሥዕል አለበት፤ ጣት ሳይታወቀው ከነካው ራዲዮው ይዘጋል። ደግሞም ዋይፋይ በአብዛኛው በኹለት ሞገድ ይሠራል፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፥ ኹለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። ዕድሜ የጠገበ ላፕቶፕ ኹለተኛውን ጨርሶ የማይሰማ ሊኾን ይችላል፤ ስለዚህ ስልኩ የሚያየውን ስም እርሱ ባያይ አይፈረድበትም። ኹለተኛው ፈጣን ነው፥ ነገር ግን ግድግዳ ሲገጥመው ቶሎ ይደክማል፤ የእኛ ሕንፃ ግድግዳ ደግሞ ለምሽግ የተሠራ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ አንድ የአራተኛ ዓመት ባልንጀራችን ለውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻውን የሚልክበት የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ላፕቶፑን የገዙለት አባቱ በሬ ሸጠው ነው። ማመልከቻውም፥ የመምህራኑ ደብዳቤዎችም፥ የምርምር ዕቅዱም ያሉት በዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ሲኾን መሣሪያው የግቢውን ዋይፋይ እንቢ ካለ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከግቢው ውጭ ያለ አንድ ጠጋኝ ከፈተው፥ ተመለከተውና «ወንድሜ፥ የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፤ 4,000 ብር» አለው። ባልንጀራችንም «ጋሼ፥ ይህን ያህል ብር ከየት አመጣለሁ?» ብሎ ታቅፎት ተመለሰ።

የዚያን ዕለት ማታ ከበነው ተቀመጥን። አንድ ነገር ወዲያው ታየን፤ ላፕቶፑ በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ ስሞች ኹሉ በተራ ይዘረዝራል። የተቃጠለ ካርድ ስም አይዘረዝርም፤ የሚሰማ ጆሮ ደንቁሯል አይባልም። ቀጥለን የአንዳችንን ስልክ እንደ ዋይፋይ ከፈትንለት፤ ያለ ምንም ማንገራገር ተገናኘ። እንግዲህ ካርዱ ደኅና ነው። ነገር ግን ገጽ ሲከፈት «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሌላ ገጽ ሲከፈትም ያው ነው። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ በመስኮቱ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አነበበ። ዓመቱ 2017 ይላል።

በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ባልንጀራችን የታሪክ ተማሪ ነውና የአገሩን ቀን በአገሩ ቁጥር ማየት ወድዶ፥ ሰዓቱ ራሱን በራሱ እንዳያስተካክል ዘግቶ፥ ዓመቱን በእጁ ለውጦታል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ስለ ኾነ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይኖር ነበር። የግቢያችን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ከመቀበሉ በፊት ማንነቱን የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ያቀርባል፤ በወረቀቱም ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ጊዜ አለበት። ላፕቶፑ ወረቀቱን አይቶ «ይህ ገና ያልጸና ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ጥፋት አላገኘንበትም፤ ጥንቁቅ ዘበኛ የሚያደርገውን አድርጓል።

ዓመቱ ወደ 2025 ሲመለስ ያለ አንድ ሳንቲም ተገናኘ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ማመልከቻው የሚዘጋው 6 ሰዓት ላይ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤ ሲላክ 9 ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ጠጋኙን ሌባ አንለውም፤ ነገር ግን ሳይጠይቅ ፈረደ።

ስለ ማታው መጨናነቅም አንድ ነገር እንበል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው በደሴቶች ላይ የተበተኑትን ኮምፒዩተሮች በራዲዮ አገናኙ። ኹለቱ በአንድ ጊዜ ከተናገሩ ንግግራቸው ይጠፋል፤ እያንዳንዱም የተለያየ ጊዜ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። የዛሬው ዋይፋይ ከዚያ ሐሳብ ብዙ የወረሰ ሲኾን የጨመረው ከመናገሩ በፊት ማዳመጥን ነው። ታዲያ ከእራት በኋላ ሦስት ፎቅ ሙሉ ተማሪ በአንድ ራውተር ሥር ሲሰበሰብ፥ ኹሉም ተራ ሲጠብቅ ይመሻል።

ከዚህ የባሰም አለ። ራውተር ለእያንዳንዱ እንግዳ ቁጥር ያድላል፤ በተለመደው አሠራር የሚታደለው ከ254 አይበልጥም። ስልኩንና ላፕቶፑን ይዞ የሚመጣ ተማሪ ኹለት ይወስዳል፤ ቁጥሩ ሲያልቅ የዘገየው ባዶ እጁን ይቀራል። ላፕቶፑ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ከሰጠ፥ ከራውተሩ ምንም አላገኘም ማለት ነው። ይህን የሚያይ ተማሪ ካርድ ለመግዛት አይሩጥ፤ ሄዶ ለቢሮው ይንገር። ቢሮው ግን የሚዘጋው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፥ ችግሩም የሚጀምረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ኹለት ነገር እንዲያስፈጽም እንጠይቃለን። አንደኛው በፈተና ወራት ከቢሮው አንድ ሰው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እንዲቆይ ነው። ኹለተኛው ከዚህ በላይ ያሉት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ተባዝተው በምግብ አዳራሹ በር ላይ እንዲለጠፉ ነው፤ ማኅበሩ ወረቀትና ቀለም ካቀረበ ጽሑፉን እኛው እንጽፋለን።