ለልጄ ድጋፍ ስጠይቅ የተማርኩት

ልጄ አሁን የዐሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ኦቲዝም አለበት። ማንበብ የቻለው ከእኩዮቹ ቀድሞ ነው፤ የጎንደርን ነገሥታት ከአፄ ፋሲል ጀምሮ ከነዘመነ መንግሥታቸው በቃሉ ይዘረዝርላችኋል። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ግን ትምህርት ቤት መዋል አቃተው። ታች ክፍል ሳለ አንድ መምህር ቀኑን ሙሉ ያስተምረው ነበር፤ ከፍ ሲል በየክፍለ ጊዜው ሌላ ፊት፣ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ጠባይ መጣበት። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ዴስክ ሥር የገባበት ቀን ነበር። "ወላጅ ይዘህ ና" መባል የተለመደ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤቱ እስከ ክፍለ ከተማው፣ ከክፍለ ከተማው እስከ ትምህርት መምሪያው፣ ከዚያም እስከ ሆስፒታሉ ተመላልሻለሁ። ጎንደር ከተማ ላላችሁም፣ ዳባትና ደባርቅ፣ ጃናሞራና በየዳ ላላችሁም ወላጆች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ከተሞክሮዬ ይህን ጻፍኩ።

የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም

ቢሮ የምንገባው ነጠላችንን አጣፍተን፣ አንገታችንን ደፍተን ነው። ሕጉ ግን ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ዜጎች እንዲደግፍ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛ ትምህርት እንዳይገለልና ለእሱ የሚስማማ ድጋፍ እንዲደረግለት ያዛል። አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የሕጓ አካል እንደሚሆን ደግሞ ራሱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ ጽፎታል። እነዚህን ቁጥሮች የማመልከቻዬ መጀመሪያ ላይ አስገባኋቸው። "እስቲ እናያለን" ይሉኝ የነበሩት ሰዎች "ታዲያ ምን እንዲደረግለት ነው የፈለግሽው?" ማለት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ጥያቄ ሲመጣ መልሱ በእጃችሁ ይኑር። "ልጄን እርዱልኝ" ለሚል ወላጅ የሚሰጠው መልስ "እሺ" ብቻ ነው፤ እሺታው ደግሞ ከቢሮው ደጅ አያልፍም።

ወጪ የሌላቸውን ነገሮች ለይታችሁ ጠይቁ

"አቅም በፈቀደ መጠን" የምትለዋ ሐረግ በየቢሮው ትጠቀሳለች። በጀት የለም፣ ባለሙያ የለም፣ ክፍል የለም። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ጊዜ የለም። እኔም ልጄን የሚያስጨንቀው ምን እንደሆነ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ፤ ምን ቀን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ በፊት ምን ተደርጎ ነበር። ጥቂት ሳምንት ሲሞላው ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። አብዛኛው ጭንቀቱ አንድ ሳንቲም በማያስወጣ ነገር የሚቃለል ነበር።

ትልቁ የፈረቃው ጉዳይ ነው። በአንዱ ሳምንት ጠዋት፣ በሌላው ከሰዓት መማር ለሌላው ልጅ ምንም አይደለም። ለእሱ ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ መንገዱም አብሮ ይለወጥበታል። ፈረቃው በተቀየረ ቁጥር የሚደርሰው ረብሻ ሁልጊዜ ሰኞና ማክሰኞ ላይ እንደሚውል ደብተሩን ለርዕሰ መምህሩ ገልጬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አንብበው ሲያበቁ ፈረቃው በማይቀያየር ክፍል መደቡት። ከጠየቅኩት ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመው የለም።

ሁለተኛው ደወሉ ነው። ደወል የምንለው በገመድ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ እኛም እንሳቀቃለን። እሱ የሚማርበት ክፍል ደግሞ እሥሩ ነበር። በግቢው ጫፍ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ ሆነ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ከሰልፉ መሃል ሳይሆን ዳር እንዲቆም ተፈቀደለት። ሲጨንቀው ለመምህሩ የሚያሳያት ትንሽ ቢጫ ካርድ አለችው፤ ካርዷን ካሳየ ምንም ሳይጠየቅ ወጥቶ ከቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ይቀመጥና ሲረጋጋ ይመለሳል። ጓደኞቹ ይቀኑበታል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አንድም ልጅ አልተቃወመም።

ለመምህራን አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ

ስለ ኦቲዝም ረጅም ማብራሪያ የሚያነብ መምህር የለም፤ ከስልሳ በላይ ተማሪ ይዞ ጊዜውስ ከየት ይመጣል? እኔ የሰጠሁት ወረቀት እንዲህ ይላል፦

"ሲጠሩት ዓይንዎን ባያይም ይሰማል። ከጠየቁት በኋላ ጥቂት ይታገሡት፤ ይመልሳል። ከኋላው አይንኩት። ደብተርህን አውጣ፣ ገጹን ግለጥ፣ ጥያቄውን ሥራ ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ከተነገረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ አንድ በአንድ ይንገሩት። የቡድን ሥራ ሲሰጡ የእሱን ድርሻ ለይተው ይስጡት። የተነገረውን ቃል እንዳለ ይወስዳል።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ያለ ምክንያት አልገባችም። አንድ መምህር ተናደው ክፍሉን በሙሉ "መማር ያልፈለገ መውጣት ይችላል" ይላሉ። ልጄ ተነሣ፣ ቦርሳውን አነገተ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወደ ቤት መጣ። እንደ ንቀት ተቆጥሮበት ሊታገድ ነበር። ወረቀቱን ያነበቡት ያው መምህር በኋላ "እትዬ፣ እኔ እኮ የናቀኝ መስሎኝ ነው" አሉኝ። ዛሬ ልጄ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው እሳቸውን ነው።

ማመልከቻ በቃል አይሆንም

በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በሁለተኛው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉበት። ግልባጭ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት አድርጉ። ርዕሰ መምህር ይቀየራል፣ የመምሪያ ኃላፊ ይቀየራል፤ ቁጥር ያለው ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ይቆያል።

ሕክምናውና ጸበሉ

ኦቲዝም በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም። ሐኪሙ ልጁን አይቶ፣ ወላጅን ስለ አስተዳደጉ ጠይቆ ነው የሚወስነው፤ ስለዚህ መቼ እንደተናገረ፣ መቼ እንደሄደ፣ ምን እንደሚደጋግም አስባችሁ ሂዱ። እኛ ዘንድ ያለው ትልቁ በር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረ አንጋፋ ተቋም ነው፤ የአእምሮ ሕክምናም፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሀድሶ ፕሮግራምም አለው። በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት የከፈተውም እሱ ነው፤ ይህ ሙያ ልጁ ልብስ እንዲለብስ፣ ብዕር እንዲይዝ፣ ጫጫታ እንዲችል፣ ቀኑን በሥርዓት እንዲውል የሚያለማምድ ነው። የሕክምና ማስረጃ ስትጠይቁ የበሽታውን ስም ብቻ አያስፍሩላችሁ፤ "በትምህርት ቤት እንዲህ እንዲህ ያለ ድጋፍ ያስፈልገዋል" የሚል መስመር እንዲጨመርበት በትሕትና ለምኑ። ትምህርት ቤት የሚያንቀሳቅሰው ያ መስመር ነው።

ስለ ጸበል የምለው አለኝ፤ እኔም ልጄን ይዤ ሄጃለሁ፣ ወደፊትም እሄዳለሁ። ነገር ግን ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች የሚጥል በሽታም የሚኖርባቸው ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ላይ ጉርምስና ሲመጣ ነው የሚጀምረው። ጸበል ገብቷል ተብሎ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ልጁን ሊገድለው ይችላል። የንስሐ አባቴ መድኃኒቱን እየዋጠ እንዲጠመቅ ነው የነገሩኝ። እናንተም የየራሳችሁን አባት በግልጽ ጠይቁ።

"አዲስ አበባ ውሰጂው" ለሚሉ

ብዙ ሰው ይህን መክሮኛል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ብታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈተች። አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለውንም ፊደላችንን መሠረት ያደረገ የንግግርና የንባብ ማለማመጃ አዘጋጀች። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ እስክታርፍ ድረስ ስለ እነዚህ ልጆች ሳትናገር የዋለችበት ቀን ያለ አይመስለኝም። እሷ ማዕከሏን ከከፈተች በኋላም ነህምያን የመሰለ ማዕከል በወላጆች ተቋቁሟል። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሆኖም ማዕከሎቹ ጥቂት፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ብዙ ናቸው። አያቱን፣ ሰፈሩን፣ ዘወትር የሚሄድበትን መንገድ ጥሎ የማያውቀው ከተማ የኪራይ ቤት ውስጥ የሚገባ ልጅ ደግሞ ብዙ ያጣል። እኔ እዚሁ እንዲማር ወሰንኩ፤ አሁንም ልክ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ።

ለየት ያለ ክፍል ይሻላል ወይስ መደበኛ ክፍል ለሚለውም ልጁን አይቶ መወሰን ነው። እንደ ልጄ ለሚያነብና ለሚያሰላ መደበኛው ክፍል፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከልዩ ፍላጎት መምህር ጋር እየሠራ፣ ይበቃዋል። ንግግር የሌለው፣ ራሱን መጠበቅ ያልቻለ ልጅ ግን ስልሳ ተማሪ መሃል ዝም ብሎ ቢቀመጥ አካቶ ትምህርት ተሰጠው ማለት አይቻልም።

ደጋው ላይ

ጃናሞራ ያለችው ዘመዴ ልጅም እንደኔ ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ ሆስፒታል ለመድረስ ግን መጀመሪያ ደባርቅ መውጣት፣ ከዚያ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎንደር መምጣት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በደረሰው ጦርነት መንገዱ የሚዘጋበት፣ ትምህርት ቤቶችም የማይከፈቱበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ለእሷ የነገርኳት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድትጀምር፣ ቀጥሎም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር የትኛው ትምህርት ቤት እንዳለ እንድትጠይቅ ነው። ትምህርት ሲቋረጥ ደግሞ ቀኑ ቅርጹን እንዳያጣ፤ በትምህርት ሰዓቱ ደብተሩን አውጥቶ ይቀመጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአማርኛ ተሰናድቶ አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተሞክሯል። እንዲህ ያለው ሥልጠና መቅደም ያለበት ከሐኪም በራቀው አገር ነው፤ የዞኑ ጤና መምሪያ ቢያስብበት እላለሁ።

ፈተናና ኪስ

ለዓይነ ስውራን ተፈታኞች አንባቢ ይመደባል። ለኦቲዝም ግን የተለመደ ነገር ስለሌለ ጸጥ ያለ ክፍልና ተጨማሪ ሰዓት የሚጠይቀው ማመልከቻ ከፈተናው ምዝገባ በፊት መግባት አለበት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀምሯል፤ ከማያውቁት ልጆች ጋር ዶርም ማደር ማለት ነው። የኔ ልጅ ገና ነው፤ እኔ ግን ከወዲሁ እያሰብኩበት ነው።

ጎረምሳ ሲሆን ሌላ ሥጋትም ይመጣል። ቁመቱ የአባቱን አልፏል። "ቁም!" ሲባል ቶሎ የማይቆም፣ ሲነኩት የሚፈራገጥ ረጅም ልጅ በዚህ ጊዜ ፍተሻ ላይ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መናገር አያሻኝም። ኪሱ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለ፤ ኦቲዝም እንዳለበት፣ ቶሎ ላይመልስ እንደሚችል፣ እንዳይመቱትና ለእናቱ እንዲደውሉ ይገልጻል። ስልኬ ከሥሩ አለ። ርዕሰ መምህራንን የምለምነው ይህን ማኅተም ለማንም ወላጅ እንዳይነፍጉ ነው።

ለወላጆች ደግሞ፦ ምዝገባ ከመስከረም በፊት ያልቃል፤ ፈረቃና ክፍል ከተደለደለ በኋላ ማስለወጥ ከባድ ነው። ማመልከቻችሁን ሐምሌ ላይ አስገቡ።